የሶልያና የክርስትና እናት

ባለፈው ሳምንት ስንለያይ ሄርሜላን በረዶው ላይ ተንበርክካ ነበር የተውናት። ዛሬም እዚያው ናት። ልምምዱ አልቋል፤ ጓደኞቿ ጓዛቸውን ሸክፈው ወጥተዋል። እሷ ግን ጭንብሏን አውልቃ፣ በረዶውን በጓንቷ እየደባበሰች፣ ሜዳውን ከከበበው መስታወት ወዲያ የቆመውን ሰው ታያለች። ሰውየው ፋኑኤል ነው። ልጆቻቸውን ሊወስዱ ከመጡ አባቶች መሃል ተደባልቆ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ እንደማያውቃት ሆኖ ይቆማል። እንዲህ እንደማያውቃት ሆኖ ሲያያት ሁለት ዓመት አለፈው።

ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ ልንገርና ልቀጥል። ሄርሜላ የዓምሃ ልጅ ናት። ዓምሃ የኦስሎ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሮምሶስ ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ አንድ ልጁን ብቻውን አሳደገ። ልጁም አድጋ አድጋ የሆኪ በረኛ ሆና አረፈችው። ያገር ሰው "ሆኪ ደግሞ ምንድነው?" ሲለው "በረዶ ላይ ዱላ ይዘው የሚሯሯጡበት ነው፤ የኔዋ ግን ቆማ የምትመታው ናት" ይላል፤ ይስቃል፤ ኩራቱን ግን አይደብቅም።

ፋኑኤል ደግሞ የኢንጂነር ወልደሚካኤልና የወይዘሮ የዓለምወርቅ የበኩር ልጅ ነው። አባቱ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ናቸው። ቤተሰቡ ከሃውገንስቱዋ ሰፈር ፎቅ ወርዶ ጓሮ ያለው ቪላ ከገዛ ወዲህ የዓለምወርቅ ሰላምታዋ እንኳ ተለውጧል። ድሮ ሰውን አንገቱን አቅፋ የምትስመው ሴትዮ ዛሬ ጉንጯን አስጠግታ አየር ትስማለች። እንዲህ ያለች እናት ለልጇ የምታስበው ሐኪም ነው፤ ቢቀር ቢቀር ጠበቃ። የፊት ጥርሷን በሆኪ ፓክ፣ በዚያች ጠፍጣፋ ላስቲክ፣ ያስወለቀች የሾፌር ልጅ በሕልሟም አልመጣች። ለዚህ ነው ፍቅራቸው ከመስታወት ወዲህና ወዲያ ሆኖ የቀረው።

"ሄርሜላ!" አለች አሰልጣኟ ማሪት ከበሩ ላይ። "ቅዳሜ ነው። ከቅዳሜ በኋላ የለም። እንዳትረሺ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከውቅያኖስ ማዶ፣ ካናዳና አሜሪካ፣ ሴቶች ሆኪ ተጫውተው ደመወዝ የሚበሉበት ሊግ አለ። ወደዚያ መግቢያው ዓመታዊው ምርጫ ነው፤ ቡድኖቹ ተራ ገብተው ከቀረቡላቸው ስሞች አንድ አንድ እያሉ ይወስዳሉ። ለምርጫው ብቁ ለመሆን ዕድሜ ይጠየቃል፣ የተጫወትሽበት ሊግ ይጠየቃል። ሄርሜላ ይህን ሁሉ አልፋለች። የቀራት አንድ ነገር ነው፤ ራሷ "አለሁ፣ ምረጡኝ" ብላ እስከ ቅዳሜ ስሟን ማስገባት። አሰልጣኝ አያስገባላትም፤ አባትም አያስገባላትም። ስሟን ያላስገባች ተጫዋች የዓለም አንደኛ ብትሆን እንኳ እንደሌለች ትቆጠራለች። ዘንድሮ ደግሞ በረኛ ያጣ አንድ ቡድን ማሪት ጋ ደውሎ ስለ ሄርሜላ ጠይቋል። አጥቂ በየዓመቱ ይፈለጋል፤ በረኛ ግን አንዴ ከተገኘች ቡድኑ ለዓመታት ሌላ አይፈልግም። "ከርሞ ሌላ ልጅ በር ላይ ትቆማለች" ብላታለች ማሪት፤ "ከርሞ ማንም አይደውልም።"

ሄርሜላ አውራ ጣቷን አነሣችላት። ዓይኗ ግን መስታወቱ ላይ ነበር።

መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ፣ በእናቱ መኪና ውስጥ ተቀመጡ። ፀጉሯ ከነእርጥበቱ ነው። ፋኑኤል ዛሬ እንደወትሮው የመኪናውን ማሞቂያ ወደሷ አላዞረላትም።

"እናቴ አውቃለች" አላት።

"ምኑን?"

"እኛን። የፀጉር መያዣሽን ወንበሩ ሥር አገኘችው።"

"ታዲያ ምን አለችህ?"

"ምንም አላለችም። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።"

ሄርሜላ የመኪናውን መስኮት በመዳፏ ጠረገችና ወደ ውጭ አየች። "ፋኑ፣ ቅዳሜ ስሜን ላስገባ ወይስ ልተው?"

"ያንቺ ሕይወት ነው።"

"እሱን አልጠየቅኩህም።"

"ሄረጉድ፣ ያምላክ ያለህ፣ ሄርሜ! ምን ልበልሽ? ቅሪ ብልሽ ዕድሜ ልክሽን 'አስቀረኸኝ' ትዪኛለሽ። ሂጂ ብልሽ 'አልወደደኝም' ትያለሽ።"

"እና ዝም ልትል ነው?"

"ያ፣ አዎ። ዝም ልል ነው።"

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ የቀድሞ ሰዎች። እንዲህ ያሉት ከፋኑኤል ጋር መኪና ውስጥ ተቀምጠው ስለማያውቁ ነው። ሄርሜላ አንዲት ቃል፣ "ቅሪ" የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበር የፈለገችው። ዓይኑን አየችው፤ ዓይኑ ውስጥ ቃሏ አለች፤ ከአፉ ግን አልወጣችም። በሩን ከፍታ ስትወርድ እጇን ይዞ መዳፏን ሳመው። ያ መሳም ነው ያጠፋት። ወደ ባቡሩ ስትሄድ በመንገዱ ሁሉ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር።

በማግስቱ የዓለምወርቅ ደወለች። ድምጿ ማር ነበር።

ሄርሜላ ወደ ቪላው የሄደችው ስድብ ልትቀበል ነው። ልጃችንን ተዪልን ብትባል የምትመልሰውን ባቡር ውስጥ ስታጠና ነበር። በሩ ሲከፈት ግን የዓለምወርቅ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ አንገቷን አቅፋ፣ እንደ ድሮው ከልብ ሳመቻት።

"ግቢ የኔ ቆንጆ! ጫማሽን ተዪው፣ አታውልቂ! አይ፣ ኖርዌይ ማደግ! በይ እሺ አውልቂው።"

"እንዴት ነዎት፣ እትዬ? ደህና ነሽ?" የሄርሜላ "እርስዎ" ከአባቷ ጋር ብቻ ያደገ ስለሆነ ብዙ ርቀት አይሄድም፤ መንገድ ላይ ይደክመዋል።

"አንቺ በይኝ፤ ምን ቸገረሽ" አለች የዓለምወርቅና ሕፃኗን ከአልጋዋ አንሥታ ሄርሜላ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። ይቺ ሶልያና ናት። የዓለምወርቅ ወልጄ ጨርሻለሁ ካለች ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣች ልጅ ናት፤ ፋኑኤል እሷን አቅፎ ሲወጣ ሰው አባቷ እየመሰለው እንኳን ማርያም ማረችላችሁ ይለዋል። ሶልያና የሄርሜላን ጣት ጨብጣ ወደ አፏ ወሰደችው።

"ወደደችሽ!" አለች እናት። "እኔስ ምን ብዬ ነበር! እሁድ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና ትነሣለች። የክርስትና እናት ሁኚልኝ።"

"እኔ?"

"አንቺ ነሻ! ስለ ፋኑኤልና ስላንቺ አውቃለሁ። አትደንግጪ፤ አልተቆጣሁም። አንቺ እኛ ቤት ውስጥ ቦታ ያስፈልግሻል። ቦታሽን እኔው ራሴ ልስጥሽ አልኩ።"

ሄርሜላ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። እናቷ ከሞተች ወዲህ አንዲት ሴት እንዲህ ዓይኗን እያየች "ቦታሽ" ብላት አታውቅም።

"ለአባትሽ የክርስትናውን ንገሪው፤ ደስ ይለዋል" አለች የዓለምወርቅ ሻይ እየቀዳች። "ያንቺንና የፋኑኤልን ነገር ግን አሁን አታንሺበት። አባት ይደነግጣል። ለሁሉም ጊዜ አለው።"

አንባቢዬ፣ ነገሩ ገብቶሃል። አንተ ክርስትና ምን እንደሚያስተሳስር እያየህ ነው ያደግኸው። ሄርሜላ ግን ያደገችው በባርነሃገ፣ ማለትም በኖርዌይ መዋዕለ ሕፃናት፣ እና በበረዶ ሜዳ ነው። እሁድ እሁድ ጨዋታ ስላላት ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው በጥምቀትና በፋሲካ ነው። ልጅ ክርስትና ያነሣ ሰው ለልጁ ቤት አበልጅ እንደሚሆን፣ አበልጅም የሥጋ ዘመድ ማለት እንደሆነ፣ በአበልጅ ቤትና በአበልጅ ቤት መካከል ጋብቻ ነውርም ኃጢአትም እንደሆነ ማንም ነግሯት አያውቅም። የዓለምወርቅ ይህን አለማወቋን አይታ ነው ሻይ የቀዳችላት። እኔ ስንት ክፉ አማት አይቻለሁ፤ የምትሳደብ፣ ሽማግሌ የምትመልስ፣ ታመምኩ ብላ የምትተኛ። ሙሽራን በፈገግታ ዘመድ አድርጋ ያስቀረች ግን እሷን ብቻ ነው ያየሁት።

ሄርሜላ አንጀቷ ቅቤ ጠጥቶ ወጣች። በሩ ተከፈተልኝ ብላ አመነች።

ዓምሃ ወሬውን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። "የሊቀ መንበሩ አበልጅ! ሄርሜላዬ! ከዚያ ሁሉ የቪላ ሰው መሃል አንቺን?"

"ትልቅ ነገር ነው እንዴ አባዬ?"

"እንዴታ! ከእንግዲህ የማትላቀቁ ዘመድ ናችሁ። በሞት ካልሆነ አትለያዩም።"

ሄርሜላ አባቷን አገላብጣ ሳመችው። ዘመድ የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ሠርግ ሆኖ ነበር የገባው። ዓምሃም የልጁን የፍቅር ነገር ስለማያውቅ የሚያስጠነቅቅበት ምክንያት አልነበረውም። በማግስቱ ከሥራ መልስ ስቶቭነር ሰፈር ካለች አንዲት ያገር ልጅ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ገዝቶላት መጣ።

"የዚያ የድራፍቱስ ነገር?" አላት ቀሚሱን እየዘረጋ። ምርጫውን እነሱ ድራፍት ይሉታል፤ ዓምሃ ደግሞ ድራፍት ሲባል የሚያውቀው ቢራ ስለሆነ በሰማው ቁጥር ይስቃል። "እንግዲህ ያንቺን ብርጭቆ የሚያነሣው ማነው?"

"እሁድ እነግርሃለሁ አባዬ።"

በልቧ ወስናለች። ወደማዶ መሄድ የፈለገችው ከልጅነቷ ጀምሮ ነው፤ ፓኩ ጭንብሏ ላይ ሲያርፍ ጆሮዋ እየጮኸ፣ በጾም ሽሮ በልታ ሦስት ጊዜ ወደ ጭማሪ ሰዓት የሄደ ጨዋታ እየቆመች ያሳደገችው ምኞት ነው። አሁን ግን አንድ ቤት "ነይ" ብሏታል። ሠርግ ይመጣል፤ ሽማግሌ ይመጣል፤ የሶልያና እህት ትሆናለች። ትታ ብትሄድ ሰው ምን ይላል? ፋኑኤል ያቺን ቃል ለማውጣት የፈራው እናቱን ስለፈራ ነው፤ እናቱ ደግሞ ይኸው በሯን ከፈተች። እንግዲህ ቃሉን እሱ ባይላትም እሷ ትፈጽምለታለች። ይህን ስታስብ ልቧ በደስታ እየመታ ነበር፤ ሰው ለሚወደው ሰው ውድ ነገር ሲሰጥ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጻፈችለት። "ፋኑዬ፣ ብዙ አሰብኩ። ስንት ጊዜ ጻፍኩ፣ ስንት ጊዜ አጠፋሁ። ስለ እኔ አትጨነቅ፤ ወስኛለሁ። ምን እንደወሰንኩ ግን እሁድ ከክርስትናው በኋላ ፊትህን እያየሁ ልንገርህ። በስልክ የሚነገር አይደለም።"

መልሱ ዘገየ። ከሰዓት በኋላ መጣ። "እሺ" ይላል። ሌላ ምንም የለውም።

ማሪት ደወለች። ደግማ ደወለች። "የት ነሽ? ስምሽን አላየሁትም" ብላ መልእክት ላከች። ሄርሜላ ስልኳን ዘግታ ነጩን ቀሚስ መተኮስ ጀመረች። ቀኑ አለፈ። ለዓመታት የደከመችበት ነገር እንዲህ ኮሽታ ሳያሰማ አለፈ፤ እሷም አላዘነችም።

እሁድ ጠዋት ማኅበረ ምእመናኑ ከኖርዌጂያኖች በሚዋሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰበሰበ። አግዳሚ ወንበሮቹ ወደ ዳር ተገፍተዋል፤ መጋረጃው ተሰቅሏል፤ ጫማው በሩ ላይ ተከምሯል። ቀሲስ ጥሩነህ ውሃውን ባረኩ። ሄርሜላ በነጭ ቀሚሷ ሶልያናን ታቅፋ ቆመች። በረኛ ናት፤ የመጣውን ሁሉ መያዝ ታውቃለች፤ ይቺን ልጅ ግን ሁለት ጊዜ አስተካክላ አቀፈቻት። ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙራ ስለ ሕፃኗ ሰይጣንን ካደች። ወደ ምሥራቅ ዞራ ስለ ሕፃኗ አመነች። ቃሉን የምትለው ዓምሃ ከጎኗ ሆኖ እየነገራት ነበር፤ ያ ምስኪን አባት አንድም ቃል እንዳታጎድል ይጠነቀቃል።

ፋኑኤል ጧፍ ይዞ ከእናቱ ኋላ ቆሟል። ዓይኗን ወደሱ ወረወረች። አቀረቀረ። ደግማ አየችው። ሰሙ ጣቱ ላይ እየፈሰሰ ነው፤ እጁን አላነሣም። አፍሮ ነው አለች በልቧ፤ ሰው መሃል ስለሆነ አፍሮ ነው።

ሕፃኗ ከውሃው ወጥታ ስትጮህ ቀሲሱ በነጩ ጨርቅ ላይ፣ ሄርሜላ ክንድ ውስጥ አኖሯት። ማዕተቡ ታሰረላት። ሴቶቹ እልል አሉ። ሄርሜላ እንባዋ እየወረደ ያቺን እርጥብ ራስ ሳመች። ከዚህ የበለጠ ደስ ያላት ቀን አልነበራትም፤ እንዲህ ብሎ መጻፍ ለእኔም ይከብደኛል።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ወደ ምድር ቤቱ አዳራሽ ለምሳ ወረደ። የዓለምወርቅ ሄርሜላን ደረጃው ላይ አቅፋ "አበልጄ! እንኳን ደስ ያለን አበልጄ!" አለቻትና ጆሮዋ ሥር ዝቅ ብላ "አሁን በሰላም ወደ ካናዳሽ ሂጂ የኔ ልጅ። ዘመድ የትም ቢሄድ ዘመድ ነው" አለች። ሄርሜላ ነገሩ አልገባትም። ፋኑኤልን ፍለጋ ሄደች። የሕፃናት ጋሪዎች በተደረደሩበት ጠባብ መተላለፊያ፣ ካፖርቶች መሃል ቆሞ አገኘችው።

"ስሜን አላስገባሁም!" አለችው፤ ሳቋ ቀድሟት። "ቀኑ ትናንት አለፈ። አልሄድም፣ ፋኑ። እቀራለሁ። ስጦታዬ ነው።"

ፋኑኤል ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ሸርተት አለና መሬት ላይ ተቀመጠ። "ናይ" አለ፤ አይሆንም ሲል። "ናይ፣ ናይ፣ ናይ።"

"ምነው? አልተደሰትክም?"

"ወስኛለሁ አልሽ እኮ!"

"ወስኜ ነዋ!"

"ለመሄድ መስሎኝ! ፊትህን እያየሁ ልንገርህ ስትዪ፣ ልትሰናበቺኝ መስሎኝ!" ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "ሄርሜላ፣ ዛሬ ምን እንደሆንሽ ታውቂያለሽ?"

"የሶልያና የክርስትና እናት።"

"የእህቴ እናት ሆነሻል። የእህቴ እናት እኔን አታገባም። አበልጅ አይጋባም። ቀሲስ አያጋቡንም፤ ሰው አይቀበለንም፤ አባትሽን ጠይቂው፣ ያንቺው አባት አይሰማሽም።"

ሄርሜላ ሳቀች። የምሯን ነው የሳቀችው። "ኦስሎ እኮ ነው ያለነው። ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ያጋባናል።"

"ኮሙኑ ያጋባናል። እኔ ነኝ የማልችለው። 'የእህቱን የክርስትና እናት አገባ' እየተባልኩ በእናቴ ፊት፣ በአባቴ ፊት… አልችልም። ታውቂኛለሽ፤ አልችልም።"

ሳቋ ቆመ። "ታውቅ ነበር?"

ፊቱን ወደ ካፖርቶቹ አዞረ።

"ፋኑኤል! ታውቅ ነበር ወይ?"

"አውቅ ነበር። እናቴ አንቺን ቤት የጠራችሽ ዕለት ነገረችኝ። 'ካልተስማማህ አንደበት አለህ፤ ሄደህ ንገራት' አለችኝ። ልነግርሽ ነበር። ትናንት ጠዋት ልነግርሽ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። መልእክትሽ የመጣው ያኔ ነው።"

"ከዚያስ?"

"ተናደድኩ።" ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ ቀልቷል። "ሁለት ዓመት ደብቄሽ፣ ሁለት ዓመት ፈርቼልሽ፣ አንቺ ትተሽኝ ልትሄጂ ነው። አንቺ በሩን ከዘጋሽው እኔም በበኩሌ ልዝጋው አልኩ። የአበልጅን ነገር እዚያ ማዶ ሆነሽ ስሚው፤ አንቺንም ይመምሽ አልኩ።"

ሄርሜላ የአንዱን ጋሪ እጀታ ጨበጠች። ሰውነቷ ስንት ዱላና ስንት ፓክ ያረፈበት ነው፤ ሲያማት ወዴት መጠጋት እንዳለባት ታውቃለች። አሁን ግን የሚጠጉበት ጠፋ።

"ስለዚህ ጧፍ ይዘህ ቆመህ አየኸኝ" አለች በመጨረሻ።

"አየሁሽ።"

"እኔ ካንተ ጋር የምታሰር መስሎኝ አለቅስ ነበር። አንተ ስፈታ ታየኝ ነበር።"

"ሄርሜ፣ በማርያም…"

"ዝም በል። ዝም ማለት ታውቅበታለህ።"

በዚህ መሃል ዓምሃ በሩን ከፍቶ ገባ። "ሄርሜላዬ፣ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ይጠሩሻል፤ አበልጄ ሳትቀመጥ አልቀመጥም ብለው…" ፊቷን አየና ቃሉ ተቋረጠ። "ምን ሆነሻል?"

"አባዬ፣ አበልጅ አይጋባም እንዴ?"

"እሱንማ ሕፃን ያውቀዋል! ምነው ጠየ…" መሬት የተቀመጠውን ፋኑኤልን አየ። ሴት ልጁን አየ። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ቃሉን አንድ በአንድ ያስጠናት እሱ ነበር። "ለምን አልነገርሽኝም?" አለ። "አንዴ ብትነግሪኝ ኖሮ፣ ልጄ… አንዴ ብቻ!"

"ለአባትሽ አትንገሪ ተባልኩ።"

ዓምሃ ወደ አዳራሹ ዞረ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት ሰካራም ተሳፋሪ ሲሰድበው መልስ ሰጥቶ አያውቅም። አሁን ግን ደሙ ፈልቶ የበሩን እጀታ ጨበጠ። ሄርሜላ ክንዱን ያዘችው። "ተው አባዬ። የሶልያና ቀን ነው። ሕፃኗ ምን አደረገች?" አለችው። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ቀድማው ገባች።

አዳራሹ ሞቅ ብሏል። ለክርስትና እናት የተዘጋጀው ወንበር ከመሃል ነው፤ ጨርቅ ለብሷል። ሄርሜላን አስቀመጧትና ሶልያናን አሳቀፏት። ሕፃኗ ደረቷ ላይ ተለጥፋ ዝም አለች። ይህን አካል መጥላት ይቻላል? አልቻለችም። መጥላት ብትችል ቀላል ይሆንላት ነበር።

"ፋኑኤል!" ብላ ተጣራች የዓለምወርቅ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። "የት ነው ይሄ ልጅ? ና! ና እንጂ፣ የእህትህን እናት ጉልበት ሳም! እናትህ ማለት ናት እኮ!"

ሰው ሳቀ። ፋኑኤል በሩ ላይ ታየ። ሁሉም መንገድ ለቀቀለት። ሄርሜላ ከወንበሯ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ጣቱ ላይ የደረቀውን ሰም እያየች፣ ልቧ አሁንም ጠበቀችው። አሁን፣ በሰው ፊት፣ "እምቢ" ይበል። አንዲት ቃል ይበል። እናቱ ትጩህ፤ ቀሲሱ ይቆጡ፤ ጉድ ይፍላ። ያችን አንዲት ቃል ካላት ጉባኤው ቢያወግዛትም፣ በረዶውም ቢቀርባት፣ ሁሉንም ትተዋለች። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። መላ ሰውነቷ ጆሮ ሆነ።

ፋኑኤል ወደ እናቱ አየ። ከዚያ ጎንበስ አለና ጉልበቷን ሳመ።

እልልታው ቀለጠ። ሄርሜላ ሕፃኗን በግራ ክንዷ አጥብቃ ይዛ፣ ቀኝ እጇን አንሥታ ራሱ ላይ ጫነችው።

"እደግ ልጄ" አለችው።

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ፤ አንዷ ሴትዮ "ይችማ አበልጅነቱን ወዲያው ለመደችው!" አለች፤ የዓለምወርቅ ሳይቀር አጨበጨበች። ዓምሃ ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ፋኑኤል ቀና አላለም፤ ትኩስ እንባው በቀሚሷ ውስጥ አልፎ ጉልበቷን አራሰው። ሄርሜላ እጇን አላነሣችም። ፀጉሩን ሁለት ዓመት ሙሉ በተደበቀ ቦታ እንጂ በሰው ፊት ነክታው አታውቅም። ዛሬ ግን እንደ ልቧ፣ የፈለገችውን ያህል ብትዳብሰው ማንም ምንም የሚላት አልነበረም።